ምንም አልጎደለብንም

እሑድ፣ ኖቬምበር 9

ይህን ደብተር ከአውቶቡስ ጣቢያው፣ ከታሃና መርካዚት፣ አጠገብ ካለው ገበያ ገዛሁት። ሻጩ "ለልጅ ነው?" አለኝ። "ለታሪክ ነው" አልሁት። ሽፋኑ ላይ ድመት አለበት፤ ለታሪክ የሚሆን ሌላ አልነበረም።

ቤታችን ውስጥ ከዚህ የተሻለ የምስጢር ቦታ የለም። ልጄ ዲክላ አማርኛ ትሰማለች እንጂ ፊደሉን አታነብም። ባለቤቴ ትዋብ ታነባለች፤ ግን ከልብስ ማጠቢያው ሥራ ውላ ስትመጣ ድመት ያለበት ደብተር የምትገልጥበት ዓይን አይተርፋትም። አማቴ እማማ ዘነበወርቅ ፊደል አልቆጠሩም። ስለዚህ እኔ ታፈረ፣ የቀድሞው የቀበሌ ጸሐፊ፣ የዛሬው የትምህርት ቤት በር ጠባቂ፣ እዚህ ላይ እውነቱን ብቻ እጽፋለሁ።

ዛሬ ደብዳቤ መጣ። መንግሥት ለምርጫ ሲሆን በአማርኛ ይጽፋል፤ ለቅነሳ ሲሆን በዕብራይስጥ። ዲክላ ቆማ አነበበችው። እማማን የምትረዳቸው ሴት፣ መታፔሌት የሚሏት፣ በሳምንት ዐሥራ አምስት ሰዓት ትመጣ ነበር። ታጥባቸዋለች፣ ታለብሳቸዋለች፣ ከአራተኛ ፎቅ ደግፋ አውርዳ ወደ አረጋውያኑ መዋያ፣ ወደ ሞዓዶኑ፣ በሚሄደው ሚኒባስ ታሳፍራቸዋለች። ሊፍት የለንም። ከመጪው እሑድ ጀምሮ ዐሥራ አምስቱ አራት ሆኗል። ምክንያቱም፦ "በስልክ በተደረገ ማጣራት የአረጋዊቷ ሁኔታ መሻሻል አሳይቷል።"

እማማ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። እንደ መሥሪያ ቤቱ አባባል ወደ ኋላ እየቆጠሩ ነው። በዚህ አያያዝ ለፋሲካ ለውትድርና ይጠራሉ።

ትዋብ ደብዳቤውን አገላብጣ "ለማን ነው የደወሉት?" አለች።

"መንግሥት ስልክ ይፈጥራል" አልሁ።

"ስልክ ይፈጥራል?"

"በጀት ሲያጥረው።"

ከዚያ ቆሻሻ ልደፋ ወረድሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ሳየው ቅርጫቱ ባዶ ነው።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 10

ታጥቄ ተነሥቻለሁ። ሲጣራ ለካ በሰፈራችን በሽኩና ሄ ብቻ ይኸው ደብዳቤ ዐሥራ አራት ቤት ገብቷል። በዋትሳፕ "የሽኩና ሄ የአረጋውያን ሰዓት አስመላሽ ኮሚቴ" የሚል ቡድን ከፈትሁ። ሊቀመንበር ተመረጠ፤ እኔ ነኝ። ተወዳዳሪ አልነበረም። እኔም ለአራት ሰከንድ ያህል አቅማምቻለሁ።

እስከ ማታ ስልሳ አንድ ሰው ገባ። እስከ ማታ የተላከው ደግሞ ይህ ነው፦ አርባ "ቦከር ቶቭ" (እንደምን አደራችሁ) ከነአበባው፣ ዘጠኝ የሰንበት ምርቃት (በሰኞ)፣ የጠፋች ድመት ፎቶ፣ የገሠሠ የዐሥራ አንድ ደቂቃ የድምፅ መልእክት። ገሠሠ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሲናገርም በየፌርማታው ይቆማል። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ያስነጥሳል። ስምንተኛው ላይ ከሚስቱ ጋር ስለ ሽንኩርት ይነጋገራል። ስለ ቅነሳው የተናገረው መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱም "በዝርዝር እመለስበታለሁ" የሚል ነው።

ዲክላ "አባ፣ ምን አቃጠለህ እንዲህ?" አለችኝ።

"ፍትሕ" አልሁ። ፍትሕ ብቻም አይደለም። እማማ ቀኑን ሙሉ ቤት ከዋሉ ሳሎኑ ተወሰደብኝ ማለት ነው። የምታገለው ለሰላሜ ነው፤ ይህ ይታወቅልኝ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 12

ዲክላ የፌስቡክ ገጽ ከፈተችልን። ደብዳቤውን ፎቶ አንሥታ በሁለት ቋንቋ ለጠፈችው። እስከ ምሽት ስድስት መቶ ሰው አየው፤ አውራ ጣት ያነሣልን ሁለት ሰው ነው። አንዷ ራሷ ዲክላ ናት። ሁለተኛው የቦይለር ጠጋኝ ነው፤ እሱም ስልክ ቁጥሩን ትቶልን ሄደ።

ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩትን አባባ አምባውን ጠየቅኋቸው። "አባባ፣ አይተውታል?"

"አይቼዋለሁ፤ አዝኛለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልነኩትም?"

"በሰው መከራ ላይ አውራ ጣቴን ላንሣ? ጠላትህ ነኝ?"

"ደስ ብሎኛል ማለት እኮ አይደለም፤ አይቻለሁ ማለት ነው።"

"ካየሁማ ጣቴን ቀስሬ ምን እቀመጣለሁ፤ መጥቼ እጠይቃለሁ እንጂ።"

መጡም። በከዘራ አራተኛ ፎቅ ወጥተው አንድ ሰዓት ተቀምጠው ጠየቁን። ከእሳቸው ኋላ ሌሎች መጡ። ስለ አንድ የፌስቡክ ጽሑፍ እስካሁን ዐሥራ ዘጠኝ ሰው ቤታችን ድረስ መጥቶ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ብሎናል። ትዋብ ለሁሉም ሻይ አፈላች። ዲክላ ይህ በአልጎሪትም አይቆጠርም አለችኝ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 16

ቅነሳው ዛሬ ጀመረ። እኛም መልሰን ማጥቃት ጀመርን፦ እማማን በቪዲዮ ልንቀርጽ።

እዚህ ላይ አንድ የአገር ጉዳይ መመዝገብ አለበት። በእኛ በኩል አማትና አማች እንደ ሁለት ጎረቤት መንግሥታት ነው የሚከባበሩት። ትዋብን ካገባሁ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ እማማ እስከ ዛሬ "አንቱ" ይሉኛል፤ ፊት ለፊት ተቀምጠን በልተን አናውቅም። ድንበሩ ሳሎኑ መካከል ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ዲክላ ጠየቀች፤ እኔ ወጥ ቤት ቆሜ ጦርነቱን መራሁ።

"ሳፍታ፣ ሰዓቱ ሲቀነስ ምን ችግር መጣ?" አለች፤ ሳፍታ አያቴ ማለቷ ነው።

እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ካሜራውን እንደ እንግዳ አዩት። "ምን ችግር አለ ልጄ። ፈጣሪ ይመስገን፤ ምንም አልጎደለብኝም።"

"ደረጃው ግን?"

"ደረጃውም ደኅና ነው።"

"መታፔሌቷ አሁን ብዙ አትመጣም።"

"ትረፍ እሷም፤ ልጆች አሏት።"

ከወጥ ቤት እጄን አወናጨፍሁ። እማማ አዩኝ። "መርቁ" ያልኋቸው መሰላቸውና ሁለት እጃቸውን ዘረጉ፦ "እዚህ ያደረሰን መንግሥት ዕድሜው ይርዘም። ሹማምንቱ በልተው አይራቡ፣ ለብሰው አይብረዳቸው። ወንበራቸው አይነቃነቅ።"

ዲክላ "ኤይዜ ሐሙዳ" አለች፤ እንዴት ታሳሳለች ማለቷ ነው። እኔ ቪዲዮውን ከማጥፋቴ በፊት ለምክክር ብዬ ለገሠሠ ላክሁት።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 18

በር ላይ ሆኜ ነው። ቶሎ።

ገሠሠም "ለምክክር" ብሎ ለሰባት ቡድን ልኮታል። ዘጠና ሺህ ሰው አይቶታል። ከቀትር በኋላ ደብዳቤውን የጻፈልን መሥሪያ ቤት ራሱ በገጹ አወጣው፤ ከሥሩ ቀይ ልብ አድርጎ "አረጋውያኖቻችን ያመሰግናሉ" ብሎበታል። ዐሥራ ሁለት ሺህ አውራ ጣት። የሽኩናችን ሽማግሎች በሙሉ ነክተውታል። አባባ አምባው ሁለት ጊዜ። ምርቃት ነዋ፤ በምርቃት ላይ አሜን አይባልም?

አንድ ወላጅ መታወቂያ ሳላይ አሳልፌያለሁ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 20

ስግድ፣ የምህላ በዓላችን። ትዋብና ዲክላ በአውቶቡስ ኢየሩሳሌም ወጡ። እማማ እዚህ አገር ከመጡ ጀምሮ ሠላሳ አራት ዓመት አንድም ስግድ ቀርተው አያውቁም። ዘንድሮ "ግፊያው ሰለቸኝ" አሉ። እኔም ሥራ አለኝ ብዬ ቀረሁ። ሥራ አልነበረኝም፤ ግን ግፊያው እኔንም ይሰለቸኛል።

እሳቸው በሳሎኑ፣ እኔ በወጥ ቤቱ፣ ጾመን ዋልን። ቄሶቹ በቴሌቪዥን ሲወጡ ድምፁን ከፍ አደረግሁት። ተነሥተው ሊሰግዱ ሞከሩ። እኔ ወዲያው የሚፈለግ ዕቃ ትዝ ብሎኝ ማቀዝቀዣው ውስጥ ራሴን ከተትሁ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 24

ስልት ለወጥን፦ ሌሎችን መቅረጽ።

አባባ አምባው፣ ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከወንበር ሁለት ሰው የሚያነሣቸው፦ "እንደ ፈረስ ነኝ።" የሚስታቸው ወንድም አቶ ታየ፣ የማይሰሙት፦ "አዎ፣ ደኅና ነው፣ አዎ" (የተጠየቁት ስማቸውን ነው)። እማማ ያልጋነሽ፣ አንደኛ ፎቅ ያሉት የእማማ ዘነበወርቅ ያገር ልጅ፣ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ዞረው ቁም ሣጥኑን መረቁት። "እማማ፣ ካሜራው ወዲህ ነው" ብላቸው "እሱንም ይባርከው" አሉ።

ዐሥራ አንድ ቪዲዮ፣ ዐሥራ አንድ ምርቃት። በመላው ኔጌቭ እንደኛ የተዋጣለት የመንግሥት ደጋፊ ድርጅት የለም።

"ሁሉም ይዋሻሉ፣ አባ?" አለች ዲክላ።

"አይዋሹም። እንግዳ ፊት ችግር አይነገርም።"

"መንግሥት እንግዳ ነው?"

ልጅ ትምህርት ቤት ስትልካት መልስ የሌለው ጥያቄ ይዛ ነው የምትመጣው።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 27

አቧራ ነፋስ። ዓይኔ ቀልቷል።

እማማ የመስኮቱን ወንበር ወርሰውኛል። ጧት የሞዓዶኑ ሚኒባስ ሲያልፍ እስከ ማዕዘኑ በዓይናቸው ይሸኙታል። ከዚያ ጸሎት። ሰሞኑን ጾም አብዝተዋል፤ ትዋብ ከሥራ እስክትመለስ ውኃ እንኳ አይቀምሱም። ሃይማኖተኛ ሴት ናቸው።

ወንበሩን ትንሽ ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት። መተላለፊያ ዘግቶብኝ ነው።

ቅዳሜ ማታ፣ ኖቬምበር 29

ሰንበት ወጣች፤ መጻፍ ይቻላል።

ትዋብ ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀችኝ፦ "ለማን ነው የደወሉት?" እኔም "ምናልባት ለዲክላ" አልሁ። አፌ ራሱ አለ። ዲክላ እንኳን ስለ አያቷ ስለ ራሷም ስልክ አታነሣም።

እውነቱን ብቻ የምጽፍበት ደብተር ስለሆነ፣ በኦገስት አንድ ስልክ ተደውሎልኝ እንደነበር እመዘግባለሁ። በር ላይ ቆሜያለሁ፣ ዙሪያዬን ለምዝገባ የመጡ ወላጆች አሉ። አማርኛዋ የጠራ ልጅ ናት። "አባባ" አለችኝ፤ እዚያ ላይ ነው ቅር ያለኝ። "ስለ እማማ ዘነበወርቅ ጥቂት ጥያቄ ነበረኝ። ገላቸውን ራሳቸው ይታጠባሉ?"

ስለ አማቴ ገላ። በአደባባይ። ለወንድ።

"በሚገባ" አልሁ።

"ራሳቸው ይለብሳሉ?"

"ከእኔ በላይ።"

"ሽንት ቤት ሲሄዱ..."

"ስሚ ልጄ፣ እኛ ቤት ምንም አልጎደለባቸውም፤ እግዚአብሔር ይመስገን" ብዬ ዘጋሁት። ሦስት ቀን ኮርቼ ሰነበትሁ።

ይህ ማለት ግን የደብዳቤው ምክንያት ያ ስልክ ነው ማለት አይደለም። ለሌላም ሰው ደውለው ይሆናል። መንግሥት ብዙ ስልክ አለው።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 2

አስቸኳይ ስብሰባ፣ በሕንጻችን የቦምብ መጠለያ፣ በሚቅላቱ ውስጥ፣ በብስክሌትና በአሮጌ ፍራሽ መካከል። የተገኙ ዘጠኝ።

ገሠሠ፦ አረጋውያኑ የረኃብ አድማ ይምቱ።

አባባ አምባው፦ "ጾም ነው? ጾሙማ ልማዳችን ነው። መንግሥት አድማ መሆኑን በምን ያውቃል?"

ገሠሠ፦ "እንነግረዋለን።"

አባባ አምባው፦ "ጾም ደግሞ ይነገራል?"

ውሳኔ፦ የለም። ዲክላ በመጨረሻ ተነሥታ፣ ግማሹን በዕብራይስጥ ግማሹን በአማርኛ፣ አንድ እውነተኛ ቃል በካሜራ ካልተገኘ ገጹን እዘጋዋለሁ አለች። ተቃዋሚ አልነበረም። ገሠሠ ጃኬቱን ረስቶ ሄደ።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 3

እማማ ያልጋነሽ እማማን ሊጠይቁ መጡ። ያልጋነሽ እግር አላቸው ዓይን የላቸውም፤ የኛዋ ዓይን አላቸው እግር የላቸውም። እማማ መኝታ ቤት ጋደም ብለው ነበር። ዲክላ አጋጣሚውን ልትጠቀም ስልኳን ደቀነች።

"እማማ ያልጋነሽ፣ ስለ ሰዓቱ አንድ ቃል ብቻ" አልኋቸው።

"ሰው ስለ ራሱ ያወራል? ነውር አይደለም? እኔ ምን ሆኜ።"

"እሺ፣ ይቅር።"

"ስለ እሷ ከሆነ ግን ልንገርህ" አሉ ወደ መኝታ ቤቱ በአገጫቸው እያሳዩ። "እሷማ ተጎድታለች።"

ዲክላ ስልኩን አላወረደችውም።

"ውኃ ትታለች። ጾም ነው ትላችኋለች። ማክሰኞ ማክሰኞ የምን ጾም አለ? ከጠጣች መነሣት አለ፤ ከተነሣች መውደቅ አለ። ባለፈው እሑድ መታጠቢያ ቤት ወድቃ ሁለት ሰዓት ሙሉ መሬት ላይ ነበረች። በበሩ እጀታ ተንጠላጥላ ተነሣች። ክንዷን ስይዘው እንዲህ አብጧል።"

"ቤት ማን ነበር?" አለች ዲክላ።

"አባትሽ ነበር እንጂ።" ወደ እኔ ዞሩ፤ ባያዩኝም አገኙኝ። "ቴሌቪዥኑን ከፍተሃል። ሰምታዋለች። ምን ታድርግ? ራቁቷን ሆና አማቿን ትጥራ?"

ያን ጊዜ ከመኝታ ቤቱ በር "ያልጋነሽ" የሚል ድምፅ መጣ። እማማ መቃኑን በሁለት እጅ ይዘው ቆመዋል።

"የራስሽን አታወሪም? ወጥ ውስጥ በጨው ፈንታ የልብስ ሳሙና የጨመረች ማን ናት?"

"አረፋው ደኅና ነበር" አሉ ያልጋነሽ።

"የጧቱን መድኃኒት ማታ የምትውጥ ማን ናት? ደረጃውን ስትወጪ በየወለሉ የሰው በር ታንኳኪያለሽ፤ እሰማሻለሁ።"

"ሰላም ልላቸው ነው።"

"ሰላም ልትያቸው? የስንተኛው ፎቅ መሆንሽን ልታውቂ ነው።"

"አንቺስ፤ ፀጉርሽን ካበጠርሽ ስንት ቀንሽ ነው? እጅሽ ወደ ላይ አይሄድም።"

"ቀሚስሽ ተገልብጧል። ከሰኞ ጀምሮ ነው የተገለበጠው።"

ዐሥራ ስምንት ደቂቃ ሄደ። መሥሪያ ቤቱ በቅጹ ላይ የሚጠይቀው ሁሉ፣ ከመታጠብ እስከ መዋጥ፣ ተራ በተራ ተመለሰ። እኔ ምንጣፉን ሳይ ነበር። አንድ ጥግ ላይ ተበጥሷል።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 4

እሑድ ያየሁት ፕሮግራም ምን እንደነበር ላስታውስ ሞከርሁ። አልመጣልኝም።

እሑድ፣ ዲሴምበር 7

ቪዲዮው ያለ ፈቃድ አይወጣም አልሁ። ሊቀመንበር ነኝ።

እማማን በዲክላ በኩል አስጠየቅሁ። "የኔን ተዉት። የያልጋነሽን አውጡት፤ እሷ መረዳት አለባት፤ ዕውር ናት።"

አንደኛ ፎቅ ወረድሁ። "የኔን ተዉት" አሉ ያልጋነሽ። "የእሷን አውጡት። እሷ አንካሳ ናት።"

ወጣሁ፣ ወረድሁ። አገር ቤት ጋብቻ ሳስታርቅ እንኳ እንዲህ አልተመላለስሁም። በስድስተኛው ጉዞ እማማ "ለያልጋነሽ የሚበጃት ከሆነ የኔም ይውጣ" አሉ። ያልጋነሽም ስለ እማማ ይህንኑ አሉ፤ ቃል በቃል። ዲክላ ራቁት የሚለውን ቆርጣ አወጣች። እኔንም ቁረጪኝ አልኋት። "ሎ፣ አባ" አለች። አይሆንም ማለቷ ነው።

ዓርብ፣ ዲሴምበር 12

ገጹ አሁን ስሙ "ስለ ጎረቤቴ" ነው። ሁለት መቶ ሺህ ሰው አይቶታል። ከነታኒያ፣ ከቅርያት ጋት፣ ከአሽቀሎን ሽማግሎች ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ይወነጃጀላሉ። ስለ ራሱ አንድ ቃል የማይተነፍስ ሰው ስለ ባልንጀራው ሲጠየቅ የሕክምና ዶሴ ሆኖ ተገኘ። አባባ አምባው ስለ አቶ ታየ፦ "መስማት ካቆመ አራት ዓመቱ ነው። ጤና ይስጥልኝ ሲል የሰላምታ ሰዓት መሆኑን ገምቶ ነው።" አቶ ታየ አጠገባቸው ተቀምጠው በአክብሮት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

አውራ ጣቱም ተፈታ። አባባ አምባው ብይን ሰጡ፦ "ይህ ምስክርነት ነው። ምስክር ሲናገር እውነት ነው ይባላል፤ ይነካል።" ገሠሠም ስለ ጎረቤቱ ዐሥራ አንድ ደቂቃ ተናገረ፤ በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው እስከ መጨረሻው አዳመጠው።

መሥሪያ ቤቱ ቀይ ልብ ያለበትን ቪዲዮ አነሣው።

መንገድ ላይ ሰዎች ያስቆሙኛል። "ቴሌቪዥን የሚያየው አማች አንተ ነህ?" ይሉኛል። ዝና ማለት ይህ ነው።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 17

ደብዳቤ። እሑድ ሊታል የምትባል ሠራተኛ ቤት ድረስ መጥታ እማማን እንደገና ትመዝናለች። ድል ነው። ሌላም ድል አለ፦ ደብዳቤው በአማርኛ ነው። በአማርኛ ጻፉልን ብዬ አቤቱታ ያስገባሁት ራሴ ነኝ።

በአማርኛ ስለሆነም ትዋብ ራሷ አነበበችው። ሁለተኛው አንቀጽ፦ "በኦገስት 12 ከአማቻቸው ከአቶ ታፈረ በስልክ የተገኘውን መረጃ በድጋሚ ለማጣራት።"

አጠፈችው። በጥንቃቄ፣ እንደ ፎጣ።

"ትዋብ፣ ወላጆች ቆመው ነበር። ስለ ገላቸው ነው የጠየቀችኝ። ምን ልበላት?"

"አላውቅም ትላታለህ። ሚስቴን ጠይቂ ትላታለህ።"

ይህ መልስ በኦገስት ትዝ አላለኝም። አሁንም ቢሆን እሷ እስክትለው አልመጣልኝም ነበር።

"እራት ቀርቧል፣ ሊቀመንበር" አለች። ከዚያ ወዲህ ሌላ ስም የለኝም።

እሑድ፣ ዲሴምበር 21

እማማ ገና ሳይነጋ ነጭ በነጭ ለብሰው ቀጥ ብለው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ትዋብ ፈቃድ ወስዳ ቀርታለች። ደወሉ ሲጮህ እማማ እንግዳ ሊቀበሉ ተነሡ፤ ትዋብ ከኋላ ቀሚሳቸውን ይዛ አስቀረቻቸው። አለቅን አልሁ በልቤ። አሁን ይጨፍሩላታል።

ሊታል ወጣት ናት፤ ከኛው ልጆች ናት፤ አማርኛዋ እንደ ዲክላ ነው፣ ይገባታል እንጂ አይታዘዝላትም። ኮምፒውተሯን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

"ሳፍታ፣ ብቻዎን ይታጠባሉ?"

"ፈጣሪ ይመስገን።"

"ማለት፣ አዎ?"

"ምን ጎድሎብኝ። ምሳ በልተሻል?"

"ከወንበር ብቻዎን ይነሣሉ?"

"ልነሣና የሚበላ ላምጣልሽ" አሉና እጃቸውን ወንበሩ ክንድ ላይ አደረጉ። ሊታል ጻፈች። ስትጽፍ ሰማሁት። ዲክላ "እማማ ያልጋነሽን ልጥራ?" አለች። ሊታል ራሷን ነቀነቀች፦ ምስክርነቱን አይታዋለች፣ አልቅሳበታለች፤ ቅጹ ግን አብሮ ከሚኖር ሰው ቃል ነው የሚቀበለው።

ትዋብ አየችኝ። "ሊቀመንበር" አለች።

ተነሣሁ። ወደ እማማ መዞር አልሆነልኝም፤ ወደ ማቀዝቀዣው ዞርሁ።

"በኦገስት የነገርኋችሁ ሁሉ ውሸት ነው" አልሁ። "ይታጠባሉ አልሁ፤ አላውቅም ነበር። አብሬ እየኖርሁ አላውቅም፤ መጠየቅ ነውር ነው ብዬ አልጠየቅሁም። ብቻቸውን አይታጠቡም። እጃቸው ከትከሻ በላይ አይሄድም። ከወንበር ሲነሡ ሦስት ጊዜ ይሞክራሉ፤ አራተኛው ላይ ይሆናል፣ አንዳንዴ አይሆንም። ውኃ የማይጠጡት ሽንት ቤት ላለመሄድ ነው። ወድቀዋል፤ እኔ ቤት ነበርሁ። ከዚህ ቤት በራሳቸው እግር ከወጡ አንድ ወር ከሳምንት ነው።"

"አባባ፣ ለምንድነው ለፍሪጁ የሚናገሩት?" አለች ሊታል።

"ፍሪጁ ይገባዋል" አልሁ።

ሊታል ወደ እማማ ጎንበስ አለች። "ሳፍታ፣ የሚሉት ልክ ነው?"

ነጠላው ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ፤ ፊታቸውን ሸፍነዋል። ይመስገን ሊሉ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ይመስገን ካሉ ነገሩ አበቃ።

"እሳቸው ካሉ ነው" አሉ እማማ። "አማቼ ውሸት አያውቁም።"

ሊታል ጣቶቿ ኮምፒውተሩ ላይ ቀሩ። የትኛውን ትመዝግብ፤ የኦገስቱን ወይስ የዛሬውን?

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 8

መልስ መጣ። ለእማማ ዐሥራ ሦስት ሰዓት። ለእማማ ያልጋነሽ፣ ቀድሞ ምንም ላልነበራቸው፣ ስድስት። የቀሩት ዐሥራ ሦስት ቤተሰቦች ቤታቸው ድረስ ተሄዶ ይታያሉ፤ በስልክ ማጣራት ለጊዜው ቆሟል። ገሠሠ የዐሥራ ዘጠኝ ደቂቃ የድል መልእክት ልኳል። እስካሁን አራተኛው ላይ ነኝ።

ኮሚቴው ይበተን ወይስ ለቀሩት ሁለት ሰዓታት ትግሉ ይቀጥል? ጥያቄውን እራት ላይ አቀረብሁ።

"ሁለቱን ሰዓት አንተ ሙላው፣ ሊቀመንበር" አለች ትዋብ።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 9

ዓርብ መታፔሌቷ አትመጣም። ፀሐይ ወጥታለች፤ ታች አግዳሚው ላይ ሴቶቹ ተሰብስበዋል። እማማ በመስኮት አዩ። ወደ እኔ ሳይዞሩ "አንቱ" አሉ፤ "ክንድዎን ቢሰጡኝ።"

ሰጠሁ። በሠላሳ አንድ ዓመት የመጀመሪያው ነው። ሲይዙ ጠንካራ ናቸው።

የመጀመሪያው ደረጃ ላይ "ቀስ ይበሉ" አሉ። "የያዙት ሰው ነው፤ ጆንያ አይደለም።" ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጉልበታቸው እንደሚያማቸው ነገሩኝ፤ የቀኙ ከግራው ይብሳል፤ ሌሊት ያስነሣቸዋል። በመካከሉ ቆመን ስለ ወገባቸው ሰማሁ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ መብራቱ ደክሟል፣ ደረጃው ተጠርጎ አያውቅም፣ መታፔሌቷ ውኃውን ታቀዘቅዘዋለች፣ ትዋብ ጨው ትቀንሳለች፣ እኔ ስተኛ በግድግዳ ይሰማል። አንደኛ ፎቅ ላይ ያልጋነሽን አንኳኳን፤ በሌላው ክንዴ ገቡ። መንግሥትንም እዚያ ላይ አነሡት፤ ምርቃት አልነበረም።

አግዳሚው ጋ ስንደርስ ቀዝቅዟል አሉ። ኮቴን አውልቄ አነጠፍሁላቸው። ተቀምጠው በእጃቸው ዳሰሱት።

"ስስ ነው" አሉ።